ዋይፋዩ ራውተሩ ሥር ካልሆነ አይይዝም? ማጠፊያውን ጠርጥር

የአንባቢያችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ዶርም ውስጥ አልጋው ላይ ሆኖ ላፕቶፑ ዋይፋዩን አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ይለቃል። የጓደኞቹ ስልክም ላፕቶፕም እዚያው ክፍል ውስጥ ደህና ይሠራሉ። የሱ የሚፈጥነው ኮሪደር ወጥቶ ራውተሩ ሥር ሲቆም ብቻ ነው። ድራይቨር ቀይሯል፤ ዊንዶውስም እንደ አዲስ ተጭኖለታል። ለውጥ የለም። መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ አንድ ነገር ጣል አድርጓል፦ ችግሩ የጀመረው የተሰበረውን የስክሪን ማጠፊያ ካስጠገነ በኋላ ነው።

ወንድሜ፣ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ነው የነገርከኝ። የአንቴና ገመድህ ወይ ተነቅሏል፣ ወይ ማጠፊያው ውስጥ ተቆንጥጧል። የአብዛኞቹ ላፕቶፖች የዋይፋይ አንቴና ያለው ክዳኑ ውስጥ፣ ስክሪኑ ዙሪያ ነው። ከዚያ ሁለት ቀጫጭን ገመዶች በማጠፊያው በኩል ወርደው የዋይፋይ ካርዱ ላይ ይሰካሉ። ማጠፊያ የፈታ ሰው እነሱን ሳይነካ አያልፍም።

ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ «ኢንተርኔት የለም» ቢልህ ኖሮ ሌላ ነገር እጠረጥር ነበር፤ የኮሌጁን የመግቢያ ገጽ፣ ወይም የተመዘገበው የማክ አድራሻ (የዋይፋይ ካርዱ መለያ ቁጥር) መቀያየሩን። ያንተ ግን እሱ አይደለም።

«አንቴናው ከተነቀለ ታዲያ ራውተሩ ሥር ለምን ይሠራል?» ትለኝ ይሆናል። ይህችን ማስረዳት ስለምወድ ትንሽ ታገሠኝ። የሲግናል ጉልበት በዲቢኤም ይለካል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይጠነክራል። -50 ግሩም ነው። -67 አካባቢ የቪዲዮ ጥሪ ያስኬዳል። -80 ላይ መቆራረጥ ይመጣል፤ -90 ከደረሰ የለም በለው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ከ-50 ወደ -80 መውረድ 30 ቁጥር ብቻ ይመስለዋል። እያንዳንዷ 10 ግን አሥር እጥፍ ናት። 10 ሲቀነስ ጉልበቱ አንድ አሥረኛ ይሆናል፤ 20 ሲቀነስ አንድ መቶኛ፤ 30 ሲቀነስ አንድ ሺህኛ። ርቀትም ድርሻውን ይወስዳል። ገላጣ ቦታ ላይ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን 6 ዲቢ፣ ማለትም ከዚያ ቁጥር ላይ 6፣ ይጠፋል፤ አሥር እጥፍ ሲሆን 20። እንግዲህ ካርዱ ያለ አንቴና ቀርቶ 30 ዲቢ አጣ እንበል። 30 ሜትር ላይ ያገኘው የነበረውን ሲግናል አሁን የሚያገኘው 1 ሜትር ያህል ሲጠጋ ብቻ ነው። ራውተሩ ሥር ሲግናሉ ከበቂ በላይ ስለሆነ ሺህ እጥፍ ቢቀነስም ይተርፋል። አልጋህ ጋ ግን ርቀቱና ግድግዳው አስቀድመው በልተውታል፤ የሚተርፍ የለም። የጓደኞችህ ዕቃ እዚያው ክፍል የሚሠራው አንቴናው ጤነኛ ስለሆነ ነው።

ለዚህ ሲግናል ዊንዶውስ እንደገና መጫን ለተሰበረ እግር የዓይን ጠብታ ማዘዝ ነው። ግን ቀላል ሥራ ስለሆነ ሁሉም ከእሱ ይጀምራል።

ከመክፈትህ በፊት አንድ ሙከራ አድርግ። አልጋህ ላይ ሆነህ ክዳኑን ቀስ እያልክ ወደፊትም ወደኋላም አንቀሳቅሰው። ሲግናሉ አብሮ ከወጣና ከወረደ ገመዱ ማጠፊያው ጋ ተጎድቷል። ፍንክች ካላለ ከካርዱ ላይ ተነቅሎ ይሆናል።

አሁን ክፈተው። ቻርጀሩን ንቀል፣ ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ አጥፋ። ብሎኖቹን እንደየቦታቸው ደርድር፤ ቁመታቸው ይለያያል፣ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ካጠበቅከው ማዘርቦርዱን ሊወጋ ይችላል። የታችኛውን ሽፋን በፕላስቲክ ካርድ ፈልቅቅ። ከዚያ ከሁሉ በፊት የባትሪውን ሶኬት ከማዘርቦርዱ ላይ ንቀል። ባትሪው ሳይነቀል ውስጥ ምንም ነገር አትንካ። ባትሪው አብጦ ካገኘኸው ደግሞ ሥራው እዚያው ቆመ። አትጫነው፣ በካቻቢቴ አትፈንቅለው፤ የሊቲየም ባትሪ ከተበሳ ሊቀጣጠል ይችላል።

ካርዷን ለማግኘት ጥቁርና ነጭ ወይም ግራጫ ገመዶቹን ተከተል። ስፋቷ 22 በ30 ሚሊሜትር የሆነ፣ በአንድ ብሎን የታሰረች ናት። የገመዱ ጫፍ ክብ የነሐስ ቀለበት ነው፤ ከምስር አይበልጥም። አንዱ ተንጠልጥሎ ካገኘኸው ገላገለህ። በካርዷ ላይ ካለችው ቀለበት ትክክል ከላይ አስቀምጠውና በጣት ጫፍ ቀጥ አድርገህ ተጫነው። ቀጭ ይላል። ካላለ አንስተህ አስተካክል እንጂ አትታገለው፤ ከተጣመመ አይመለስም። የትኛው የትኛው ጋ እንደሚሰካ ካርዷ ላይ ያሉት ምልክቶች ይነግሩሃል።

ሁለቱም ተሰክተው ካገኘህ ገመዶቹን እስከ ማጠፊያው ድረስ ተከተላቸው። የተጨፈለቀ ወይም የተላጠ ነገር ፈልግ። ማጠፊያ በሱፐር ግሉ የሚያጣብቁ ሰዎች ገመዱን አብረው እንደሚያጣብቁት ብዙ አይቻለሁ። ቴስተር ካለህ መሃሉ ከዙሪያው ሽፋን ጋር ሾርት ቢያሳይህ አትደንግጥ፤ ብዙ አንቴና ሲሠራም እንዲሁ ነው። ይልቅ የሚሠራ ሌላ የአንቴና ጥንድ ካርዷ ላይ ሰክተህ ሞክር። ሲግናሉ ከተስተካከለ ጥፋቱ ክዳኑ ውስጥ ነው፤ ካልተስተካከለ ካርዷ ናት። ለሙከራ ባትሪውን መልሰህ ትሰካለህ። ገመድ ለመቀየር ስትመለስ ግን እንደገና ንቀለው። ሰው የሚዘናጋው ሁለተኛው ላይ ነው።

ካርድ የምትገዛ ከሆነ ቅርጿን ብቻ አይተህ አትግዛ። የኢንቴል ኤኤክስ200 እና ኤኤክስ201 ስታያቸው መንታ ናቸው። 201 ግን ለሷ የተዘጋጀ የኢንቴል ማዘርቦርድ ካላገኘች አትሠራም። «ለምን ትለፋለህ» ብለው ጥፍር የምታህለውን ርካሽ የዩኤስቢ ዋይፋይ ቢሰጡህ ደግሞ ለጊዜው ተጠቀምባት። ብዙዎቹ 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን የዋይፋይ ሞገድ ብቻ ነው የሚይዙት፤ ዶርም ውስጥ ደግሞ የተጨናነቀው እሱ ነው።

ሽፋኑን በሁለት ብሎን ብቻ ያዝና አልጋህ ላይ ቁጭ ብለህ ሞክረው። ክዳኑን ደጋግመህ ክፈት፣ ዝጋ። ሲግናሉ ካልተንቀሳቀሰ የቀሩትን ብሎኖች አጥብቅ።