ሲፒዩው ሥራ ፈቶ ዳታቤዙ ለምን ይንቀራፈፋል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝ የጫንንበት ሰርቨር 64 ጊጋባይት ራም አለው። ዲስኮቹ በደቂቃ 7200 ዙር የሚሽከረከሩ አራት ሃርድ ዲስኮች ናቸው፤ በሬይድ 5 (አንዱ ዲስክ ቢበላሽ ዳታው እንዳይጠፋ ዲስኮችን በሚያያይዝ ዘዴ) ተያይዘዋል። ብዙ ሰው ሲመዘግብ ሲስተሙ ይንቀራፈፋል። ሲፒዩው ግን ከ10 ፐርሰንት አያልፍም። ጠንከር ያለ ሲፒዩ ልግዛ?»

አይግዙ። ሲፒዩው ሥራ የፈታው ዲስኩን እየጠበቀ ይመስለኛል። ግን እኔን ከማመንዎ በፊት ይለኩ። ሲስተሙ በተጨናነቀበት ሰዓት አይኦስታትን (የዲስክን ሥራ የሚለካ ፕሮግራም) ያስነሱና አንድ ጽሑፍ (ወደ ዲስኩ የሚጻፍ ዳታ) ስንት ሚሊሰከንድ እንደሚጠብቅ ይዩ። 30 ወይም 40 ካሳየዎት ጥፋተኛው ተገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳታቤዙ «ተመዝግቧል» ከማለቱ በፊት ዋል የሚባለው ሎግ (የለውጦች መዝገብ) በእርግጥ ዲስኩ ላይ መስፈሩን ይጠብቃል። በደቂቃ 7200 ዙር ማለት በሰከንድ 120 ነው፤ አንዱ ዙር 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። የሚጻፍበት ቦታ አሁን ካለፈ ዲስኩ ዞሮ እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ነው። ስለዚህ አንድ ተጠቃሚ ተራ በተራ ኮሚት ቢያደርግ (መዝገቡን ቢያጸድቅ) በሰከንድ ከ120 ብዙም አያልፍም። ሲፒዩው የፈለገውን ያህል ቢፈጥን ዲስኩ ቶሎ አይዞርለትም።

ሬይድ 5 ደግሞ ያባብሰዋል። አንዲት ትንሽ ጽሑፍ አራት ሥራ ትሆናለች፦ የድሮውን ዳታ ማንበብ፣ የድሮውን ፓሪቲ (የጠፋ ዳታ የሚመለስበትን ስሌት) ማንበብ፣ ከዚያ ሁለቱንም አድሶ መጻፍ። እያንዳንዱ ዳታ ሁለት ዲስክ ላይ በሚጻፍበት በሬይድ 10 ግን ሁለት ጽሑፍ ብቻ ነው። የሦስት ዲስክ ቦታ የነበረዎት ወደ ሁለት ይወርዳል። ለዳታቤዝ ከሆነ እኔ ሳላመነታ እከፍለዋለሁ።

ሬይድ ካርድዎ (ዲስኮቹን የሚያያይዘው ካርድ) ባትሪ ያለው ካሽ፣ ማለትም ጽሑፉን ዲስኩ ላይ እስኪሰፍር የሚይዝ ጊዜያዊ ማኅደር፣ አለው? እንግዲያው ከሁሉም በፊት ባትሪውን ይዩ። እኔ አንድ ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ ኢንዴክስ (የዳታቤዙን መፈለጊያ ማውጫ) ስጎረጉር ከርሜ፣ ለካ ባትሪው ሞቶ ካርዱ ድምፁን አጥፍቶ ካሹን ትቶታል! ባትሪው ሲቀየር ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ተመለሰ።

በጀት ካለዎት ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ዲስክ) ይግዙ፤ ግን መብራት ሲጠፋ ካሹን የሚያድን ካፓሲተር ያለውን ይምረጡ። ዲስክ ይዋሻል። ከፖስትግሬስ ጋር የሚመጣውን የጽሑፍ ፍጥነት መለኪያ፣ ፒጂ ቴስት ኤፍሲንክን፣ ያስኪዱት። የሚሽከረከር ዲስክ ያለ ባትሪ በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ጽሑፍ ካሳየዎት ደስ አይበልዎት፤ ሳይጽፍ «ጻፍኩ» እያለ ነው።

«ኤፍሲንክን አጥፋው፣ ይፈጥናል» የሚልዎት አይጠፋም። ኤፍሲንክ ዳታው በእርግጥ ዲስኩ ላይ መስፈሩን የሚያስጠብቀው ቅንብር ነው። እውነት ይፈጥናል። መብራት የጠፋ ዕለት ግን ዳታቤዙ ሊበላሽ ይችላል። የመጨረሻዎቹ ጥቂት መዝገቦች ቢጠፉ ግድ ከሌለዎት ሲንክሮነስ ኮሚትን (ኮሚት ሎጉን እንዲጠብቅ የሚያደርገውን ቅንብር) ማጥፋት ይሻላል፤ ዳታ ይጎድላል እንጂ አይበላሽም።

ሼርድ በፈርስ (ፖስትግሬስ ለራሱ የሚይዘው ራም) በነባሪው 128 ሜጋባይት ላይ ከቀረ ወደ 16 ጊጋ ያሳድጉት። ኤስኤስዲ ሲያስገቡ ደግሞ ራንደም ፔጅ ኮስትን (በዘፈቀደ ቦታ የማንበብ ዋጋ ግምት) ከ4 ወደ 1.1 ያውርዱ። ሁለቱም በዋነኛነት ንባብን ያግዛሉ፤ የኮሚት ጥበቃውን አይፈቱትም።

ወደ ሬይድ 10 ሲሄዱ አብዛኛውን ጊዜ ዲስኮቹ ላይ ያለው ዳታ ይጠፋል። ከመንካትዎ በፊት ባክአፑን ሌላ ማሽን ላይ መልሰው ዳታቤዙ መነሳቱን በዓይንዎ ይዩ።