ፕሮግራሙ ሳይዘጋ የታሪፍ ፋይል እንዴት ይቀየራል?

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ ለጭነት ማመላለሻ ማኅበራት የሒሳብ ማውጫ ፕሮግራም ፓይተን በተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ሠርቻለሁ። አንዱ ማኅበር በኩንታል፣ ሌላው በምልልስ ስለሚያስከፍል ለእያንዳንዱ የራሱን የታሪፍ ፋይል ጽፌ በአንድ ፎልደር አስቀምጫለሁ፤ ፕሮግራሙ በ‹‹ኢምፖርት ሞጁል›› እየጠራ ያስገባቸዋል። አንዱን ፋይል ሳስተካክል ግን ለውጡ የሚታየው ፕሮግራሙን ዘግቼ ስከፍት ብቻ ነው። ከጅቡቲ መስመር የሚመጡ መኪኖች ሌሊትም ስለሚስተናገዱ መዝጋት አስቸጋሪ ነው። የገባን ፋይል እንደገና በሚያስነብበው በ‹‹ሪሎድ›› ብሞክር አንዳንዱ ሒሳብ ተቀየረ፣ አንዳንዱ በአሮጌው ታሪፍ ቀጠለ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ‹‹አንዳንዱ ተቀየረ፣ አንዳንዱ ቀጠለ›› ማለትዎ ችግሩ የት እንዳለ በደንብ ያሳያል። አዲሱ ፋይል ተነቧል፤ ነገር ግን በፕሮግራምዎ ውስጥ አሮጌውን ኮድ የያዙ ክፍሎች አሉ። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት አዲሱን እንዴት እንደምናስገባ ብቻ ሳይሆን አሮጌውን ማን እንደያዘው ጭምር ነው።

ፓይተን አንድን ሞጁል (እንደ ታሪፍ ፋይሎችዎ ያለ የኮድ ፋይል) እንዲያስገባ ሲታዘዝ በመጀመሪያ የሚያየው ዲስኩን አይደለም። ‹‹ሲስ ሞጁልስ›› በሚባለው መዝገብ ውስጥ ስሙን ይፈልጋል፤ ካገኘው ያንኑ መልሶ ይሰጣል። ፋይሉ የሚነበበውና ኮዱ የሚሠራው ስሙ በመዝገቡ ከሌለ ብቻ ነው። ጠዋት የገባ የታሪፍ ፋይል ማታ ቢስተካከልም ‹‹ኢምፖርት ሞጁል›› የጠዋቱን የሚመልሰው በዚህ ምክንያት ነው።

‹‹ሪሎድ›› ፋይሉን እንደገና ያነባል፤ ኮዱን የሚያሠራው ግን በዚያው በነባሩ ሞጁል ላይ ነው። በሞጁሉ ስም በኩል የሚጠራ ክፍል አዲሱን ያገኛል። ‹‹ፍሮም›› በሚለው ትእዛዝ ፋንክሽኑን (አንድ ስሌት የሚሠራውን የኮድ ክፍል) ነጥሎ የወሰደ ክፍል ግን አሮጌውን እንደያዘ ይቀራል፤ ሰው ስልኩን ሲቀይር የቀድሞውን ቁጥር ጽፎ የያዘ ወዳጁ በዚያው መደወሉን እንደሚቀጥል ማለት ነው። በክላስ (በኮድ በተጻፈ ንድፍ) ከለውጡ በፊት የተፈጠሩ ኦብጀክቶችም የአሮጌው ክላስ እንደሆኑ ይቆያሉ። ከፋይሉ የሰረዙት ስም ከሞጁሉ አይጠፋም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ደግሞ ሌላ ነው፤ አዲሱ ፋይል መሐል ላይ በስሕተት ቢቆም እላዩ አዲስ፣ ታችኛው አሮጌ የሆነ ሞጁል በሥራ ላይ ይቀራል። የሰዋስው ስሕተት ከሆነ ኮዱ መሥራት ሳይጀምር ስለሚያዝ ጉዳት የለውም። በሥራ ላይ የሚወጣው ስሕተት ግን ገንዘብ ለሚያሰላ ፕሮግራም አደገኛ ነው። ስለዚህ ‹‹ሪሎድ›› ኮድ በሚሞክሩበት ሰዓት ይጥቀምዎት እንጂ በዚህ ሥራ ላይ እንዲያውሉት አልመክርም።

በምትኩ እያንዳንዱን የታሪፍ እትም እንደ አዲስ ሞጁል ያስገቡት። የሚከተሉትን የፋንክሽን ስሞች ሲጽፉ ቃላቱን በታች ሰረዝ ያያይዟቸው፤ ‹‹ኢምፖርትሊብ ዩቲል›› እና ‹‹ሲስ ሞጁልስ›› ግን በነጥብ ይያያዛሉ። በ‹‹ኢምፖርትሊብ ዩቲል›› ውስጥ ያለው ‹‹ስፔክ ፍሮም ፋይል ሎኬሽን›› ስምና የፋይል አድራሻ ተቀብሎ ‹‹ስፔክ›› የሚባል የሞጁሉን መግለጫ ይሰጣል፤ ስሙን የማኅበሩ ስምና የእትሙ ቁጥር ያድርጉት፣ እንዳይደገም። ከዚያ ‹‹ሞጁል ፍሮም ስፔክ›› ባዶ ሞጁል ይፈጥርልዎታል። ይህንን በ‹‹ሲስ ሞጁልስ›› ውስጥ በዚያው ስም ራስዎ ይመዝግቡት። ብዙ ሰው ይህን እርምጃ ይዘልላል፤ መረጃ መያዣ ክላስ የሚያዘጋጀው ‹‹ዳታክላስ›› እና ኦብጀክትን ወደ ፋይል የሚያስቀምጠው ‹‹ፒክል›› ግን ሞጁሉን በስሙ ከመዝገቡ ስለሚፈልጉት ሲያጡት ግራ የሚያጋባ ስሕተት ያወጣሉ። በመጨረሻ በስፔኩ ‹‹ሎደር›› (ጫኚ) በኩል ‹‹ኤግዜክ ሞጁል›› ኮዱን ያሠራዋል።

አሁንም ሥራ ላይ አያውሉት። መልሱን አስቀድመው የሚያውቁትን ጭነት፣ ለምሳሌ 400 ኩንታል የጫነ ተሳቢ ሒሳብ ይስጡትና ውጤቱን ያመሳክሩ። ትክክል ከሆነ የማኅበራቱን ታሪፍ በያዘው የራስዎ ዲክሽነሪ (የማኅበሩን ስም ከሞጁሉ ጋር የሚያጣምር ዝርዝር) ውስጥ አሮጌውን በአዲሱ ይተኩ፤ ይህ የአንድ መስመር ሥራ ነው። ትክክል ካልሆነ ወይም ስሕተት ካወጣ ከ‹‹ሲስ ሞጁልስ›› ይሰርዙትና ስሕተቱን ይመዝግቡ፤ አሮጌው ሳይነካ ሥራውን ይቀጥላል። የተተኩ እትሞችንም ሥራቸው ሲያበቃ ከመዝገቡ ያውጡ፣ አለበለዚያ የኮምፒውተሩን ማስታወሻ (ሜሞሪ) እያጣበቡ ይሄዳሉ።

ከዚህ በኋላ ማንም የፕሮግራሙ ክፍል ታሪፍ ፋንክሽን ነጥሎ አይያዝ፤ ሁሉም በዲክሽነሪው በኩል ይጠይቅ። ነገር ግን አንድ ደረሰኝ ሲጀመር ሞጁሉን አንድ ጊዜ ወስዶ እስኪጨርስ በዚያው ይሥራ። በየመስመሩ ዲክሽነሪውን ቢጠይቅና በመሐል ታሪፉ ቢቀየር የጭነቱ ዋጋ በአሮጌው፣ የማራገፊያው በአዲሱ ተሰልቶ አንድ ወረቀት ላይ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ደረሰኝ ለባለንብረት ማስረዳት አይቻልም። በደረሰኙ ላይ የእትሙን ቁጥር ማተም ደግሞ በኋላ የሚነሳን ክርክር በቀላሉ ይፈታል።

አንድ የተደበቀ ወጥመድ አለ። ፓይተን የተረጎመውን ኮድ ‹‹ፓይካሽ›› በሚባለው ፎልደር ያስቀምጣል፤ ምንጩ መቀየሩንም የሚያረጋግጠው በፋይሉ የመጨረሻ ለውጥ ሰዓት፣ እስከ ሰከንድ ድረስ፣ እና በመጠኑ ነው። ፋይሎቹን በእጅ ሳይሆን በሌላ ፕሮግራም የሚያመነጩ ከሆነ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሊጻፉ ይችላሉ። 15 የነበረው 16 ቢሆን መጠኑ አይለወጥም፤ ስለዚህ አሮጌው ትርጉም ሊሠራ ይችላል። ‹‹ሲስ›› ውስጥ ያለውን ‹‹ዶንት ራይት ባይትኮድ›› እውነት ብለው ያስጀምሩና ቀድሞ የተቀመጠውን ፎልደር ይሰርዙት።

‹‹ኢምፖርት ሞጁል››ን ለሌላ ሥራ ከቀጠሉበትና ፕሮግራሙ ከተነሳ በኋላ የተጨመረ ፋይል ካላገኘልዎ ‹‹ኢንቫሊዴት ካሽስ››ን አስቀድመው ይጥሩ። በድሮ ማስተማሪያዎች የሚታየውን ‹‹ኢምፕ›› የተባለ ሞጁል ግን አይጠቀሙ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ከወጣው ፓይተን 3.12 ጀምሮ የለም።

ስሕተት ሲፈጠር ዝም ብሎ ወደ አጠቃላይ ታሪፍ የሚመለስ ኮድ ጽፈው ከሆነ እባክዎ ዛሬውኑ ያውጡት። በአድራሻ ሲያስገቡ ፋይሉ ራሱ ከሌለ የሚመጣው ‹‹ፋይል ኖት ፋውንድ ኤረር›› ነው። ‹‹ሞጁል ኖት ፋውንድ ኤረር›› ከመጣ ፋይሉ አለ፣ የጎደለው እርሱ የሚፈልገው ሌላ ሞጁል ነው፤ የጎደለውንም ስም ስሕተቱ ራሱ ‹‹ኔም›› በሚለው ውስጥ ይዞታል። ሁለቱም ተመዝግበው ደረሰኙ ይቁም። ሾፌር ጥቂት ቢጠብቅ ይሻላል፤ በስሕተት ታሪፍ ተከፍሎ የሄደን ጭነት ሒሳብ መልሶ ማስተካከል ብዙ ሰው ያጣላል።

የሚቀየረው የኩንታሉ ዋጋ ብቻ ከሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልግዎትም። ዋጋዎቹን በጄሰን (መረጃ ብቻ በሚይዝ የጽሑፍ) ፋይል አውጥተው ያስቀምጡና ደረሰኝ ሲጀመር ያንብቡት። የፓይተን ፋይሉን የሚቀይሩት የስሌቱ ሥርዓት ሲለወጥ ብቻ ይሆናል።

የፋይል አድራሻውን በምንም መንገድ ከመስኮቱ ላይ ከተጻፈ ስም አይሥሩት። የማኅበሩ ስም አስቀድመው ባዘጋጁት ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ያረጋግጡ፤ አድራሻውንም ከዚያው ይውሰዱ። የሚገባው ፋይል የፕሮግራምዎ ሙሉ ሥልጣን አለው፤ የደንበኞችን መዝገብ ማንበብም መሰረዝም ይችላል። ስለዚህ በዚያ ፎልደር ላይ የመጻፍ ፈቃድ ለእርስዎ መለያ ብቻ ይሁን፤ ፕሮግራሙ የሚሠራበት መለያ የማንበብ ፈቃድ ይበቃዋል፤ የቢሮው ሠራተኞች በጋራ የሚጠቀሙበት የኔትወርክ ፎልደር ከሆነም ዛሬውኑ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩት።