ኢንዶስኮፒ ምንጩን ላላገኘው የሆድ ደም መፍሰስ፦ ስለ አርቴሪዮግራፊ የማውቀው

እህቴ፣ አባትሽ ሰገራቸው እየጠቆረ ደማቸው እየቀነሰ መሆኑን፣ ጨጓራንና ትልቁን አንጀት በካሜራ የሚያዩት ኢንዶስኮፒውም ኮሎኖስኮፒውም ምንጩን እንዳላገኙ፣ አሁን ደግሞ «በደም ሥር ገብተን እንይ» መባላችሁን ጽፈሻል። ቀዶ ሕክምና ነው ወይስ ልባቸው ታሞ ነው ብለሽ ጠይቀሻል። ሁለቱም አይደለም፤ አርቴሪዮግራፊ የሚባል የደም ቅዳዎች የራጅ ምርመራ ነው። ይህ ምርመራ በሚሠራበት ክፍል በነርስነት ለዓመታት ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርሽ።

ብሽሽታቸው ወይም የእጅ አንጓቸው ይደነዝዛል፤ በመርፌ ቀዳዳ በኩል ቀጭን ሽቦ፣ ሽቦውን ተከትሎም ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ ወደ ደም ቅዳው ይገባል። ስዊድናዊው ሐኪም ሴልዲንገር በ1953 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዘዴ ነው፤ እስከ ዛሬ የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው። ከዚያ አዮዲን ያለበት ፈሳሽ ጨጓራን፣ ጉበትንና አንጀትን ወደሚመግቡት ደም ቅዳዎች እየተረጨ ራጅ ይነሣል። ሲረጭ ሆዳቸውን ሙቀት ይሰማቸዋል፤ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ፈሳሹ ከደም ቅዳው ወጥቶ አንጀት ውስጥ ሲጠራቀም ከታየ፣ የሚደማው እዚያ ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን ሰዓቱ ነው። ምርመራው በዋናነት የሚያሳየው በዚያች ደቂቃ እየፈሰሰ ያለውን ደም ነው፤ ያውም በደቂቃ ግማሽ ሚሊ ሊትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን። መድማቱ ለጊዜው ካቆመ ምስሉ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ይወጣል፤ ቤተሰብም «ገንዘባችን በከንቱ ወጣ» ይላል። ስለዚህ ሐኪሙን ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛ፣ በቅድሚያ የደም ሥር ሲቲ ስካን ይነሡ ወይ? ደም ቅዳ ሳይወጋ ከዚህም የቀጠነ መድማት ያሳያል። ሲቲው እየደማ መሆኑን ካሳየ ወዲያው መግባት ነው፤ ለነገ የሚቀጠር አይደለም። ሁለተኛ፣ ምንጩ ሲገኝ በዚያው ካቴተር ይደፍኑታል ወይ? እኔ ብሆን፣ አይቶ ብቻ ከሚመልስ ቦታ ይልቅ መድፈን የሚችል ባለሙያ ያለበትን እመርጣለሁ፤ በእርግጥ በአገራችን እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች ገና ጥቂት ናቸው።

አንድ ወንድማችን ደግሞ ይህ ምርመራ «ለአደጋና ለዕጢም ይታዘዛል» ብሏል። እውነት ነው፤ ግን የተቀደደ ጣፊያ ወይም ጉበት ዛሬ በቅድሚያ የሚታየው በሲቲ ነው፤ ካቴተሩ የሚገባው በአብዛኛው ደሙን ለማቆም ነው። የደም ግፊቱ እየወረደ የማይመለስ ቁስለኛ ከሆነ ደግሞ ቦታው ቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። ጤነኛው ጉበት አብዛኛውን ደሙን ከአንጀት ከሚመጣው ደም መልስ ሲያገኝ፣ የጉበት ካንሰር ግን በአብዛኛው የሚመገበው ከደም ቅዳ ነው። ዕጢው በምስሉ ላይ ጎልቶ የሚወጣው፣ መድኃኒትም በዚያው መንገድ የሚላክለት ለዚህ ነው።

ከመግባታቸው በፊት የኩላሊት ምርመራ ውጤታቸው ይታይ። ሜትፎርሚን (የስኳር መድኃኒት)፣ አስፕሪን ወይም ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) የሚወስዱ ከሆነ፣ ከዚህ ቀደምም በእንዲህ ያለ ፈሳሽ አለርጂ ኖሯቸው ከሆነ ሳትጠየቂ ተናገሪ። የብረት እንክብል ከወሰዱም እንዲሁ፤ እርሱም ሰገራ ያጠቁራል። የተወጉት ብሽሽታቸው ላይ ከሆነ እግራቸውን ሳያጥፉ ለሰዓታት ይተኛሉ። ብሽሽታቸው ካበጠ ወይም እግራቸው ከቀዘቀዘ ነርስ ጥሪ። ቀጠሮው ሳይደርስ ራሳቸውን ቢያዞራቸው ወይም ሰገራቸው ቀይ ደም ቢሆን በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።