ጥጥዬ ካሮቷን ነክሳ ትተፋዋለች

ጥያቄ፦

ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ለዘጠኝ ዓመት ልጄ ነጭ ጥንቸል ገዝተንላት ነበር፤ ስሟን ጥጥዬ አለቻት። ዳቦ፣ ብስኩት፣ ካሮት፣ አንዳንዴም ከእኛው እንጀራ ትበላለች። ባለፈው ማክሰኞ ማታ ካሮቷን ሳትነካው አደረች። ጠግባ ይሆናል ብለን ተውናት። ሐሙስ ጠዋት ጥግ ላይ ኩርምት ብላ፣ ጆሮዋ በርዶ አገኘናት። አንድ ክሊኒክ ይዘናት ብንሄድ «እኛ ውሻና ድመት ነው የምናየው» አሉን። ሌላ ቦታ መርፌ ወጉልንና ትንሽ ተሻላት። አሁን ለስላሳ ቅጠል ትቀማምሳለች፤ እንደ ድሮዋ ግን አይደለችም። ካሮት ሲሰጣት ትነክስና ትተፋዋለች። አማቴ «ለጥንቸል ይሄ ሁሉ ወጪ!» ይሉኛል። ልጄ ደግሞ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን ሳታወልቅ ነው ሄዳ የምታያት። ምን ላድርግ?

የጥጥዬ ቤተሰብ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ «ትነክስና ትተፋዋለች» ያልሽው ላይ ቆምኩ። ከዚያው ልጀምር።

ምግብ ያስጠላው እንስሳና መብላት ያቃተው እንስሳ አንድ አይደሉም። ጥጥዬ ካሮቱን የምትነክሰው ስለራባት ነው። የምትተፋው ደግሞ አፏን ስለሚያማት ይመስለኛል። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜ ልኩን ያድጋል፤ የፊቶቹ በሳምንት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይረዝማሉ። የሚሞረዱት ሣር ሲታኘክ ነው። ዳቦና እንጀራ ለስላሳ ስለሆኑ አይሞርዱም። ያኔ የመንጋጋዎቹ ጠርዝ እየሾለ ምላስና ጉንጭ ይቆርጣል። ከፊት ስታዪያት ጥርሷ ደህና ሊመስልሽ ይችላል፤ ቁስሉ ከኋላ ነው። እስቲ አገጯ ሥር ያለውን ፀጉር ዳስሺው። በለሃጭ ርሶ ወይም ደርቆ ተጣብቆ ካገኘሽው፣ ነገሩ ከጥርስ የመምጣቱ ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል።

መርፌው ለጊዜው አስታግሶላታል፤ መነሻው ግን ገና አልታየም። ስለዚህ ተሻላት ብለሽ አትተያት።

ጥንቸል ጾም የማይሆንላት እንስሳ ናት። አንጀቷ ሌት ተቀን መንቀሳቀስ አለበት። መብላት ስታቆም እንቅስቃሴው ይቀንሳል፤ ሆዷ ውስጥ ያለው ይደርቃል፣ ጋዝ ይሞላል፣ ያማታል። ሲያማት ደግሞ ጭራሽ አትበላም። ማስመለስ እንኳ አትችልም፤ ተፈጥሮዋ አይፈቅድላትም። ለ12 ሰዓት ያህል ምንም ካልቀመሰች ወይም በጠጥ ካልጣለች፣ በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለባት። እስኪነጋ ልየው አይባልም።

ይህን የምልሽ እኔ ራሴ አንድ ጊዜ «ነገ» ስላልኩ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ አባት ከፒያሳ ግራጫ ጥንቸል በካርቶን ይዘው መጡ። መሽቷል፣ ልዘጋ ነው። በተማሪነቴ ያየሁት ከብትና በግ፣ ፍየልና አህያ ነው፤ ጥንቸል ብዙም አልነካሁም። ሆዷን ነካ ነካ አደረግሁና «ጠዋት ያምጧት» አልኳቸው። ጠዋት ያንኑ ካርቶን ይዘው መጡ። ሳይከፍቱት ገባኝ። ሰውየው አልተቆጡኝም። «ሌሊቱን ሙሉ ጥርሷን ስታፋጭ ነበር» ብቻ አሉኝ። ጥንቸል ሲያማት እንደ ውሻ አታላዝንም። ጠላት እንዳያገኛት ሕመሟን ትደብቃለች፤ ጥርሷን እያፋጨች ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። ያን ቀን ይህን ባውቅ ኖሮ ልዘጋ የነበረውን በር መልሼ እከፍተው ነበር።

አሁን ወደ ጥጥዬ። ክሊኒክ ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ «ጥንቸል ታያላችሁ? የመንጋጋ ጥርሷንስ በመብራት ታያላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። እዚህ መሀል ከተማ ካላገኘሽ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ቢሾፍቱ ነው ያለው፤ የማስተማሪያ ሆስፒታልም አለው። ከዚህ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ቀድመሽ መደወሉ አይቅርብሽ።

ሐኪሙ ጥርሷን ለመሞረድ ማደንዘዣ ሊሰጣት ይችላል። «ከማታ ጀምሮ ምግብ ከልክሏት» ከተባልሽ ግን ደግመሽ ጠይቂ። ያ ለውሻና ለድመት ነው። ጥንቸል ከማደንዘዣ በፊት አትጾምም። ሌላው፣ ከፔኒሲሊንና ከአሞክሲሲሊን ወገን የሆነ መድኃኒት በአፍ አይሰጣት። ምግቧን የሚያብላሉላትን ባክቴሪያዎች ያጠፋና እሷንም ሊገድላት ይችላል። ቤት ካለው የሰው መድኃኒትም ምንም አትስጧት።

መንገድ ላይ ጆሮዋ ከበረደ፣ ሃይላንድ ውስጥ ለብ ያለ ውኃ ሞልተሽ በነጠላ ጠቅልለሽ ከጎኗ አድርጊላት። ሆዷን ዳብሺው። እንደ ከበሮ ተወጥሮ ከሆነ ምንም ነገር በግድ አታጉርሻት፤ በቀጥታ ወደ ሐኪም ሩጪ። ሆዷ ለስላሳ ከሆነና ሐኪሙም ከፈቀደ፣ የጎመን ቅጠል በውኃ ፈጭተሽ አጥልዪና መርፌው በወለቀ ስሪንጅ በአፏ ጎን፣ ከፊት ጥርሶቿ ኋላ ባለው ክፍተት፣ ጠብ ጠብ እያደረግሽ ስጫት። በጀርባዋ አታስተኚያት፤ ትን ይላታል።

ስትድን ዳቦውም ብስኩቱም እንጀራውም ይቅር። ዋናው ምግቧ ድርቆሽ ነው፤ ቀን ከሌት ከፊቷ አይጥፋ። የከተማ ላም አርቢዎች መኖ ከሚገዙበት ቦታ ታገኚዋለሽ። ስትገዢ እፍኝ አድርገሽ አሽትቺው። የሣር ሽታ ካለው ጥሩ ነው። ሻጋታ ሻጋታ ካለሽ፣ በተለይ በክረምት፣ ተዪው። ጭድ መተኛዋ ይሁን እንጂ ምግቧ አይሁን። ካሮት በሳምንት አንድ ሁለቴ ትንሽ ቁራጭ ብትቀምስ ይበቃታል፤ ስኳር አለው። ከጉልት የምትገዢውን ጎመን ግን አጥበሽ በየቀኑ ጥቂት ስጫት።

አማትሽን አትቀየሚያቸው። ጥንቸል በማይበላበት ቤት ላደገ ሰው ለጥንቸል ሐኪም መክፈል እንግዳ ነገር ነው። ልጅሽ ግን የምታየው የምትወዳትን ፍጥረት መታመም ነው። ሥራ ስጫት። ጠዋትና ማታ በጠጧን ትቁጠር። ጤነኛ ጥንቸል በቀን ከ200 በላይ ትጥላለች፤ ክብ ነው፣ ሽንብራ ያክላል፣ ሲሰበር ውስጡ የሣር ብናኝ ይታያል። ምስር ካከለ፣ በፀጉር እንደ መቁጠሪያ ከተያያዘ ወይም ከጠፋ፣ ላንቺ ትንገርሽ። ከትልቅ ሰው ቀድማ የምታየው እሷ ናት።

ከሐኪም ስትመለሱ ጻፊልኝ። መንጋጋዋ ላይ ምን እንደተገኘ ማወቅ እፈልጋለሁ።