መልስ፦ የሲኤንሲ ፕላዝማ መቁረጫ ኖዝል ለምን ቶሎ ይበላል?

ጤና ይስጥልኝ። በጅማ ወርክሾፕዎ የተተከለው የሲኤንሲ ፕላዝማ መቁረጫ (በኮምፒውተር እየተመራ ብረትን እጅግ በጋለ ጋዝ የሚቆርጥ ማሽን) ኖዝል (የጋለው ጋዝ የሚወጣበት ጫፍ) ቶሎ እየተበላ፣ ላሜራውም ከሥሩ ዝቃጭ (ቀልጦ የረጋ ብረት) እየያዘ ስላስቸገረዎ ለጠየቁት፣ ከሁሉ አስቀድመው ወደ መቁረጫው የሚገባውን የታመቀ አየር እንዲመረምሩ አጥብቄ እመክራለሁ። እንደ ጅማ ዝናብና እርጥበት በሚበዛበት አካባቢ ኮምፕሬሰሩ የሚስበው አየር ብዙ ውኃ ስለሚይዝ፣ የታንከሩን ውኃ በየቀኑ ማፍሰስና ከቶርቹ (ኖዝሉን ከያዘው የመቁረጫው ራስ) በፊት የእርጥበት ማጣሪያ መግጠም ያስፈልጋል፤ እሳቱ ሳይነሳ አየር ብቻ እያስነፈሱ ነጭ ወረቀት ሲያስጠጉ ነጠብጣብ ከታየበት፣ አየሩ ገና አልደረቀም። ቶርቹ በመቁረጫው ከፍታ፣ ለምሳሌ በ1.5 ሚሊ ሜትር ላይ ሆኖ ላሜራውን ከበሳ፣ የቀለጠው ብረት ተመልሶ ኖዝሉን ስለሚመታው፣ የመብሻው ከፍታ የዚያ እጥፍ ገደማ ሊሆን ይገባል። የግራውንድ መቆንጠጫው (የኤሌክትሪክ መመለሻ ገመዱን ከላሜራው ጋር የሚያገናኘው) ዝገቱና ቀለሙ በተፋቀ ላሜራ ላይ በቀጥታ ይያዝ። ዝቃጩ ወፍራም ሆኖ በቀላሉ የሚረግፍ ከሆነ የመቁረጫው ፍጥነት አንሷል፤ ቀጭን ሆኖ አልላቀቅ ካለ ግን በዝቷል።