ከጓያ እስከ ጦሳ ተዳፋት፦ የዩኒቨርሲቲ ጥናቶች ለወሎ ቤትና ማሳ ምን ይላሉ?

ከደላንታ፣ ከቆቦ፣ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከወልዲያ የመጡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ከዚህ በታች ይገኛሉ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ጓያው ላይ ሰፋ ያልሁት ጉዳዩ የራሳችን አገር ጉዳይ ስለሆነና አሁንም ሰው የሚጎዳበት ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፣ ከደላንታ፦ ልጄ፣ ዝናብ ሲቀር የሚተርፈን ጓያ ነው። ሰው ሽባ ያደርጋል ይሉናል፤ እናቶቻችን ደግሞ በልተውት ኖረዋል። እውነቱ የቱ ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ ሁለቱም እውነት ነው። ልዩነቱ ያለው በመጠኑ፣ በቆይታውና በአበሳሰሉ ነው። ይህን ካሳዩት ጥናቶች ዋናው የተሠራው ደግሞ እዚያው ደላንታ ነው። በ1990ዎቹ ደላንታና ዳውንት ላይ የተነሣውን የጓያ ሽባነት ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡት። ቀጥለው የታመሙትን ካልታመሙት ጋር እያነጻጸሩ «ጓያውን በምን መልክ ትበሉት ነበር?» ብለው ጠየቁ። እሸቱን፣ ንፍሮውንና ቆሎውን ያዘወተሩት ለሽባነቱ ይበልጥ ተጋልጠው ተገኙ። በእንጀራ፣ በቂጣና በወጥ መልክ መብላት ግን ያን ያህል አደጋ አላሳየም። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ባለበት ወጥ የበሉትና ጓያውን ከእህል ጋር የቀላቀሉት ደግሞ የተሻለ ተጠብቀዋል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በጓያ ውስጥ ቤታ-ኦዳፕ የሚባል ንጥረ ነገር አለ። የነርቭ ሴሎች መልእክት የሚቀባበሉበትን ኬሚካል ስለሚመስል ሴሎቹን ያለ እረፍት እያነቃቃ ይጎዳቸዋል፤ በተለይ እግርን የሚያዙትን። ጓያ ሜታዮኒንና ሲስቲን የተባሉት ድኝ ያለባቸው የፕሮቲን ክፍሎች ያንሱታል። እነዚህ ሰውነት ራሱን ከጉዳት የሚከላከልባቸው ናቸው። ስንዴ፣ ገብስና ጤፍ ያሟሏቸዋል። እሸትና ቆሎ በሚበላበት ጊዜ ግን መርዙ በውኃ አልወጣም፣ እህልም አልተቀላቀለበትም።

አንድ ሰሞን ወጥ በልቶ ሽባ የሆነ የለም። አደጋው የሚመጣው ጓያ ዋና ምግብ ሆኖ ለወራት ሲቆይ ነው። አንዴ የመጣ ሽባነት አይድንም፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ምልክት መጠበቅ ነው፦ ባት ሲወጠርና ሲሸማቀቅ፣ እግር ሲከብድ፣ ሰው በጣቱ ጫፍ መራመድ ሲጀምር ጓያውን በዚያው ቀን ማቆምና ጤና ጣቢያ መሄድ።

ጥያቄ፣ ከዚያው፦ እንዴት አድርጌ ላዘጋጀው ታዲያ?

መልስ፦ ኦዳፕ በውኃ ይሟሟል፤ ሥራው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ለ1 ኪሎ ጓያ 4 ወይም 5 ሊትር ውኃ ያፍሉ፤ ከእሳት አውርደው የተለቀመውንና የታጠበውን ጓያ ይንከሩበት፤ ሌሊቱን ይደር። ጠዋት ውኃውን ይድፉት። ለከብትም አይስጡት። በአዲስ ሙቅ ውኃ ለጥቂት ሰዓት ደግመው ይንከሩት፤ ያንንም ይድፉ። ከዚያ አድርቀው ይከኩትና ያስፈጩት። ዱቄቱ ውስጥ ከአራት እጅ አንዱ ብቻ ጓያ፣ ሦስቱ እጅ እህል ይሁን። ለእንጀራ ከሆነ በደንብ ይቡካ፤ እርሾው ራሱ የመርዙን መጠን ይቀንሳል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው፣ በትንሽ ውኃ ነክሮ ወይም ቀቅሎ ያንኑ ውኃ መጠቀም፤ መርዙ ከፍሬው ወጣ እንጂ ከድስቱ አልወጣም። ሁለተኛው ከባድ ነው፦ ድርቅ ሲመጣ ውኃውም ማገዶውም እህሉም አብሮ ይጠፋል። መንከሩም መቀላቀሉም የሚቀረው ያኔ ነው። በሽታው ከረሀብ ጋር የሚመጣው ለዚህ ነው። እርዳታ የሚያድል ሰው ይህን ቢያውቅ ጓያ ለሚበሉ ቀበሌዎች እህሉን ቀድሞ ያደርስ ነበር፤ ከደላንታው ጥናት በ2003 የወጣው ምክርም ይኸው ነበር።

ጥያቄ፣ ከደሴ፣ የግብርና ተማሪ፦ መርዙ የቀነሰ ዘር አለ ሲባል ሰምቻለሁ። ለምን በየቤቱ አልገባም?

መልስ፦ አለ፤ ዋሴ የሚባለው በአገራችን የተለቀቀ ዝርያ ነው። ችግሩ የኦዳፕ መጠን በዘር ብቻ የሚወሰን አለመሆኑ ነው። ድርቅና በአፈር ውስጥ የዚንክ ማነስ ከፍ ያደርጉታል። ላቦራቶሪ ላይ ዝቅ ያለው ዘር የተጨነቀ ማሳ ላይ ሊጨምር ይችላል ማለት ነው። ደግሞም ጓያ አብዛኛውን ራሱን በራሱ ቢያዳቅልም ንብ ከአጎራባች ማሳ ያዳቅለዋል። ገበሬው ዘሩን ከዓመት ዓመት ሲያስቀር ዝርያው ይደባለቃል። ለዘር የሚሆነውን ከሌላ ጓያ አርቆ መዝራት ያስፈልጋል። በ2023 የእንግሊዙ ጆን ኢንስ ማዕከል ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ተክሉ ኦዳፕን የሚሠራበትን የመጨረሻ ደረጃ ኢንዛይሞች ለይተዋል። መርዙን ከሥሩ መቁረጥ ለሚፈልግ አዳቃይ ትልቅ በር ነው። አንተ በዚህ መስክ የመመረቂያ ሥራ ካሰብህ፣ አንዱን ዝርያ በደላንታና በቆላው ዘርተህ መጠኑን ማነጻጸር ብቻውን ጠቃሚ ሥራ ይወጣዋል።

ጥያቄ፣ ከቆቦ፦ አቀንጭራውን በየዓመቱ እነቅላለሁ፤ ማሽላዬ ግን ያው ይቀነጭራል። ምን ቀረኝ?

መልስ፦ አባቴ፣ አንቱ የሚነቅሉት ቅጠል ከአፈር በላይ ብቅ ከማለቱ በፊት ሳምንታት ከማሽላው ሥር ሲመጠምጥ ከርሟል። ስለዚህ መንቀል የዘንድሮን ማሽላ ብዙም አያድነውም፤ የሚያድነው የሚመጣውን ዓመት ነው። አንድ የአቀንጭራ ተክል ከ50,000 በላይ ዘር ሊጥል ይችላል፤ ዘሩ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ይቆያል። እንግዲህ አበባ ከማውጣቱ በፊት ይነቀል። ካበበ በኋላ የተነቀለው እዳሪ ላይ አይጣል፣ ለከብትም አይሰጥ፤ ዘሩ በከብት ሆድ አልፎ በፍግ ይመለሳል። ማቃጠል ነው።

ጥናቱን በተመለከተ፣ የአቀንጭራ ዘር የሚነቃው እንደ ማሽላ ያለ ተክል ሥር ስትራይጎላክቶን የሚባል ኬሚካል ሲለቅ ነው። የአገራችን ልጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር የማሽላ ችግኝ ሥርን ከአቀንጭራ ዘር ጋር «አጋር» በሚባል እንደ ጄሊ በረጋ ነገር ውስጥ አስቀምጠው፣ ዘሩ ከሥሩ ምን ያህል ርቆ እንደሚበቅል በመለካት የማይቀሰቅሱትን ማሽላዎች ለዩ። ጎቢዬ፣ አብሽርና ብርሃን የተባሉት ዝርያዎች ከዚህ ሥራ የመጡ ናቸው። ፕሮፌሰሩ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። በ2017 ደግሞ ከበስተጀርባው ያለው ጂን ተለየ፦ ጂኑ የጎደለው ማሽላ ኬሚካሉን አያቆምም፤ ዓይነቱን ይቀይረዋል፤ የተቀየረውን ደግሞ አቀንጭራው በቀላሉ አይነቃበትም።

ዘሩ ብቻውን ግን አይበቃም። ፎስፎረስ የጎደለው አፈር ላይ ያለ ማሽላ ኬሚካሉን አብዝቶ ይለቃል፤ የደከመ መሬት ላይ አቀንጭራ የሚበረታው አንድም በዚህ ነው። ስለዚህ ፍግና ማዳበሪያ፣ እርጥበት ለማቆየት የታሰረ ቦይ፣ በየሁለት ዓመቱም በአኩሪ አተር፣ በጥጥ ወይም በሰሊጥ ማፈራረቅ ያስፈልጋል። እነዚህ ዘሩን ያነቁታል፤ ግን ሥራቸው ላይ መጣበቅ አይችልምና ይሞታል። በበቆሎ ማፈራረቅ ግን ጥቅም የለውም፤ አቀንጭራው እሱንም ይመጠምጣል። የዝርያውን ነገር ሲሪንቃ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ይጠይቁ፤ ለቆቦ ሜዳ የሚስማማውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ጥያቄ፣ ከደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር፦ ከቤታችን ጀርባ ያለው አፈር በክረምት ይሰነጠቃል። ግንብ ብንሠራ ይይዘዋል?

መልስ፦ ግንቡ ውኃውን ካላስወጣ አይይዘውም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ተናለም አየነው ከባልደረባቸው ጋር በ2005 ባሳተሙት ጥናት የደሴን አካባቢ የመሬት መንሸራተት ቦታዎች መዝግበው ካርታ ሠርተዋል። ነገሩ በአጭሩ፦ ከጦሳ የወረደ ልቅ አፈርና ድንጋይ ባዛልት በሚባል የተበላሸ ጥቁር ድንጋይ ላይ ተኝቷል፤ ክረምት ውኃው ሰርጎ ሁለቱ የሚገናኙበት ላይ ሲጠራቀም አፈሩ ይከብዳል፣ መያዣውም ይላላል። ታች የቦርከና ወንዝ ወይም የመንገድ ቆረጣ እግሩን ሲበላው ደግሞ ይወርዳል።

መጀመሪያ ከስንጥቁ በላይ ውኃ የሚጠልፍ በድንጋይ የተነጠፈ ቦይ ይቆፈር፤ ውኃውም ከተዳፋቱ ውጭ እስከ መውረጃው ይድረስ። ስንጥቁን ራሱን በሸክላ አፈር ጠቅጥቆ መድፈን። ግንቡ ከኋላው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠጠር፣ በየ1.5 እስከ 2 ሜትር ደግሞ ወደ ውጭ ያዘነበለ የቱቦ ቀዳዳ ይኑረው። የሽንት ቤት ጉድጓድና የጣራ አሸንዳ ወደ ተዳፋቱ አይፍሰስ፤ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ዛፍና አጥር ማዘንበል ከጀመረ፣ በር አልዘጋ ካለ፣ አዲስ ምንጭ ከፈለቀ መሬቱ እየሄደ ነውና ግንቡን ትታችሁ ቤቱን ልቀቁ፤ ከተማ አስተዳደሩንም ጥሩ።

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፦ በበጋም ወባ ይዞናል። አዲስ ትንኝ ገብቷል የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የሚባለው ከእስያ የመጣ ትንኝ አገራችን ውስጥ በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኝቷል። ድሬዳዋ ላይ በ2022 በበጋ የተነሣው ወረርሽኝ ከሱ ጋር እንደተያያዘ በ2023 በኔቸር ሜዲስን የወጣ ጥናት አሳይቷል። ረግረግ ሳይጠብቅ በሮቶ፣ በበርሜልና በግንባታ ውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይፈለፈላል። የእናንተ የበጋ ወባ ከሱ መምጣቱን የሚያረጋግጠው የጤና ቢሮው ባለሙያ ውኃ ውስጥ ያለውን የትንኙን ትል ሲለየው ነው።

በርሜሉን አይተሽ ትሉ ከውኃው ፊት ጋር ትይዩ ከተኛ የወባ ትንኝ ዘር ነው፤ ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ ከተንጠለጠለ ሌላ ነው። ከእንቁላል እስከ ትንኝ ከሳምንት ትንሽ ይበልጣልና በየሳምንቱ ባዶ ማድረግ ዑደቱን ይቆርጠዋል። ግድግዳውንም ፈግፍጊው፤ ደንጊ የሚባለውን የትኩሳት በሽታ የሚያስተላልፈው ትንኝ እንቁላሉን እዚያ ላይ ይለጥፋል። ሮቶው ላይ ከክዳኑ ይልቅ የሚረሳው የአየርና የትርፍ ውኃ መውጫው ነው፤ በቀጭን ወንፊት እሰሪው።

ጥያቄ፣ ከወልዲያ፦ በግዕዝ የተጻፈው የፍልስፍና መጽሐፍ፣ የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ፣ የኛ ነው ወይስ የፈረንጅ? ዩኒቨርሲቲዎች ምን ላይ ደረሱ?

መልስ፦ አልተቋጨም። ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ጽሑፉ የጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ሥራ ነው አሉ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የፍልስፍና መምህር ክላውድ ሰምነር በ1970ዎቹ ተቃወሟቸው። ክርክሩ የሚካሄደው በግዕዙ አነጋገር፣ በመዝሙረ ዳዊት አጠቃቀምና በጁስቶ ደብዳቤዎች ላይ ነው። በእኔ ግምት ግዕዝ ጠንቅቆ ያላነበበ ሰው በየትኛውም ወገን ቆርጦ መናገር የለበትም።

ጥያቄ፣ ከደላንታ፦ ልጄ፣ ተመራማሪዎች መጥተው ደም ቀድተው ሲሄዱ ምን ልጠይቃቸው?

መልስ፦ እናቴ፣ ይህ የፍልስፍናው ክፍል፣ የሥነ ምግባሩ ነው። በሰው ላይ ለሚደረግ የሕክምና ጥናት የዓለም መመሪያ የሆነው፣ በ2024 የታደሰው የሄልሲንኪ መግለጫ እርስዎን የጥናት «ተሳታፊ» ይልዎታል። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት፦ የትኛው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቀደው? ደሜ የት ይቀመጣል፣ ለስንት ዓመት፣ ወደ ውጭ አገር ይወጣል? በሽታ ቢገኝብኝ ማን ይነግረኛል፣ ማንስ ያክመኛል? ሐሳቤን ብቀይር ለማን ልደውል? መልሱ በአማርኛ ተነብቦ ካልገባዎት አይፈርሙ። እምቢ ማለት ከጤና ጣቢያው አገልግሎት አያጎድልዎትም። የፈረሙበትን ወረቀት ቅጂም ተቀብለው ያስቀምጡ፤ ስልክ ቁጥሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።