የተማሪዎችን ስም ከነሕመማቸው ላኪ ተብያለሁ፤ ልላክ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ነኝ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ አንድ ፕሮጀክት ክሊኒካችን ውስጥ ታብሌት አስገብቷል። ልጅ ሲያመው ነርሷ በቪዲዮ ከሐኪም ጋር ታገናኘዋለች። ወላጆች ወደውታል፤ እኔም ወድጄዋለሁ።

አሁን አገልግሎቱ ሊገመገም ነው ተባለና ምክትል ርዕሰ መምህራችን የኤክሴል ቅጽ ሰጡኝ። የተማሪው ሙሉ ስም፣ ክፍል፣ የወላጅ ስልክ፣ አቴንዳንስ፣ የሴሚስተር ውጤት፣ ክሊኒክ የሄደበት ቀን፣ የሄደበት ምክንያት፣ «ዘር»፣ «ነፃ ምሳ ያገኛል/አያገኝም» የሚሉ አምዶች አሉት። ከአሜሪካ የመጣ ቅጽ መሆኑ ያስታውቃል፤ ከግርጌው ፌርፓ እና ሂፓ የሚባሉ ሕጎች ተጠቅሰዋል። «እስከ ዓርብ ሞልተሽ በቴሌግራም ላኪ» ተብያለሁ። የ7ኛ ክፍልን ልኬያለሁ። 8ኛ ክፍል ላይ ስደርስ ግን የሚጥል በሽታ ያለባት ልጅ አለች። እናቷ ለማንም እንዳይነገር ለምነውኛል። እጄ ተሳሰረ።

ምክትሉ «ወላጆች ሲያስመዘግቡ ፈርመዋል፤ ላልፈረሙት ደግሞ በልጆቹ ደብዳቤ እንልካለን፣ በሳምንት ውስጥ ካልመለሱ ተስማምተዋል ማለት ነው» ይላሉ። በሕግ ልጠየቅ እችላለሁ? እምቢ ብልስ ከሥራ ያባርሩኛል?

መልስ

በዚህ መልኩ አይላኩ። አጭሩ መልስ ይሄው ነው።

ግምገማው ይቅር ማለቴ ግን አይደለም። አንድ አገልግሎት ልጆችን መጥቀም አለመጥቀሙ ሳይታወቅ እንዲሁ ሲቀጥል ማየት እኔም አልወድም። ጸቤ ከአምዶቹ ጋር ነው፤ በተለይ ከሁለቱ፣ ከስሙና «የሄደበት ምክንያት» ከሚለው። ሁለቱ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ነገሩ ግምገማ መሆኑ ይቀርና የሕመምተኞች ስም ዝርዝር ይሆናል።

ከቅጹ ልጀምር። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች አንድ ልጅ በነፃ ወይም በቅናሽ ምሳ የሚያገኘው በአብዛኛው በቤተሰቡ ገቢ ነው። ስለዚህ አጥኚዎች የቤተሰብን ድህነት ለመገመት ይህን ይጠቀማሉ። የናንተ ተማሪ ምሳ ዕቃውን ከቤቱ ይዞ ይመጣል። አምዱ እዚህ ምንም አይለካም። «ዘር» የሚለው ደግሞ እዚያ ነጭ፣ ጥቁር፣ እስያዊ ለማለት ነው። አዳማ ላይ ሲደርስ የሚሞላው ሰው ብሔር አድርጎ ይሞላዋል። የልጅ ብሔር ከነሕመሙ በቴሌግራም ሲዞር አስቡት! ሁለቱንም አምዶች ባዶ ይተዉአቸው። የሚፈልጋቸው ካለ ለምን እንደሚፈልጋቸው በጽሑፍ ያስረዳ።

ከግርጌ የተጠቀሱት ሕጎችም የኛ አይደሉም። ፌርፓ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ፣ የተማሪዎችን የትምህርት መዝገብ የሚጠብቅ የአሜሪካ ሕግ ነው። ሂፓ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ሲሆን የሚመለከተው የሕክምና መረጃን ነው። እዚያ አገር ትምህርት ቤት ውስጥ የሚሰጥ ሕክምና መዝገቡ ከሁለቱ በየትኛው ሥር ይወድቃል የሚለው ብዙ ሲያነጋግር ኖሯል። የትምህርትና የጤና መሥሪያ ቤቶቻቸው እ.ኤ.አ. በ2008 የጋራ መመሪያ አወጡ፤ በ2019 ደግሞ አሻሻሉት። ባጭሩ ነርሷ የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ከሆነች ማስታወሻዋ እንደ ትምህርት መዝገብ ይታያል። ሕክምናውን የሚሰጠው ለራሱ የቆመ የውጭ ተቋም ከሆነ ግን መዝገቡ የሕክምና መዝገብ ይሆናል።

ሕጎቹ እዚህ ባይሠሩም ጥያቄያቸው ይሠራል። የናንተን ነርስ የቀጠራት ማን ነው? ትምህርት ቤቱ ወይስ ፕሮጀክቱ? የሐኪሙ ማስታወሻ የት ነው የሚቀመጠው? እርስዎ ይህን ካላወቁ ወላጆችም አያውቁም ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ፌርፓ ለአንዳንድ ጥናቶች ያለ ወላጅ ፈቃድ መረጃ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ቢሆንም የጽሑፍ ስምምነት ይጠይቃል። የጥናቱ ዓላማ፣ ስፋት፣ የሚቆይበት ጊዜና መረጃው በመጨረሻ እንደሚጠፋ እዚያ ላይ መስፈር አለበት። ቅጹን የላከልዎት ወገን በቅጹ ላይ በጠቀሰው ሕግ እንኳ ቢዳኝ «እስከ ዓርብ በቴሌግራም» አያዋጣውም።

ወደኛ ሕግ እንምጣ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። አንቀጽ 36 ደግሞ ተቋማት ልጆችን የሚመለከት እርምጃ ሲወስዱ የልጁን ደኅንነት በቀደምትነት እንዲያስቡ ያዛል። ዝርዝሩ ያለው በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ውስጥ ነው። ገና አዲስ ስለሆነ ብዙ ትምህርት ቤቶች መኖሩንም አያውቁም። አስፈጻሚው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በአዋጁ የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ዳታዎች አንዱ ነው፤ ብሔርም እንዲሁ። አዋጁ የሚለው ሲጠቃለል ይህን ይመስላል፦ መረጃ የምትሰበስቡበትን ዓላማ አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ ለዚያ ዓላማ የሚበቃውን ያህል ብቻ ውሰዱ፣ ሥራው ሲያልቅ አታቆዩት፣ እስካለ ድረስም ጠብቁት። መረጃው ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ከሆነ ተቀባዩ አገር በቂ ጥበቃ አለው ወይ የሚለውን የመሳሰሉ ተጨማሪ ቅድመ ሁኔታዎች ይመጣሉ። የኤክሴል ፋይሉ መጨረሻ የማን ኮምፒውተር ላይ እንደሚያርፍ ምክትሉን ይጠይቋቸው። ሳያውቁት ሊሆን ይችላል።

ወላጆች ፈርመዋል የተባለውስ? የፈረሙበትን ወረቀት አውጥተው ያንብቡት። «ልጄ ክሊኒኩ ውስጥ እንዲታከም ፈቅጃለሁ» የሚል ከሆነ የተፈቀደው ሕክምና ነው። የልጁ ውጤትና አቴንዳንስ ከክሊኒክ መዝገቡ ጋር ተገጣጥሞ ለሦስተኛ ወገን ይሰጥ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። ፈቃድ የሚጸናው ሰውየው ለምን እንደፈቀደ አውቆ፣ ሳይገደድ፣ ለተለየ ጉዳይ ሲሰጠው ነው። በኋላ ሐሳቡን ቢለውጥም መብቱ ነው። «ካልፈረማችሁ ልጃችሁ አይታከምም» የሚል ነገር ካለበት ደግሞ ፈቃድ መሆኑ ቀርቷል።

ዝም ያለ ተስማማ የሚለውን ግን ጨርሶ አልቀበለውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1682 ስለ ውል ሲናገር እንኳ ዝምታ እንደ መቀበል አይቆጠርም ይላል። ዕቃ ለመሸጥ ያልበቃ ዝምታ የልጅን ሕመም ለማውጣት ሊበቃ አይችልም። በዚያ ላይ በልጅ እጅ የተላከ ደብዳቤ ቦርሳ ውስጥ ደብተር ሥር ተጨፍልቆ እንደሚቀር ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ደብዳቤው በአማርኛ ብቻ ከሆነም በአዳማ ብዙ ወላጅ ይቀርበታል። በአፋን ኦሮሞም ይዘጋጅ። ማንበብ የማይችል ወላጅ ካለ ሰው ያስረዳው።

በፌዴራሉም ሆነ በኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ለአካለ መጠን አልደረሰም። ስለዚህ የወላጅ ወይም የአሳዳሪ ፊርማ ያስፈልጋል። ልጆቹንም ግን ጠይቋቸው። የ8ኛ ክፍል ተማሪ ስለራሷ ምን እንደሚጻፍ ማወቅ ትፈልጋለች። በልጆች ላይ የሚሠሩ ጥናቶች ከወላጅ ፈቃድ ሌላ የልጁን ይሁንታ የሚጠይቁትም ለዚህ ነው።

ይሄ ጥናት ነው ወይስ የውስጥ ግምገማ? ይህም ይለያል። ትምህርት ቤቱ ለራሱ «ክሊኒኩን ስንት ልጅ ተጠቀመ» ብሎ ቢቆጥር የውስጥ ሥራው ነው። ውጤቱ የሚታተም ወይም ለሌላ ወገን የሚቀርብ ከሆነ ግን የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ያየው እንደሆነ ይጠይቁ። ማጽደቂያ ደብዳቤው ቁጥርና ቀን አለው። ካለ ኮፒውን ለመስጠት የሚቸገር ሰው የለም።

አሁን ወደ 8ኛ ክፍሏ ልጅ። ስሟ ቢወጣም መፍትሔ አይሆንም። «8ኛ ለ፣ ሴት፣ 14 ዓመት፣ የሚጥል በሽታ» ከተባለ ክፍሉ በሙሉ ያውቃታል። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ገምጋሚዎች ከ5 ወይም ከ10 ያነሰ ቁጥር ለብቻው የማያወጡት። ከሌላ ጋር ይደምሩታል ወይም ይተዉታል። እርስዎ ደግሞ ያን አምድ መሙላት ቀርቶ ማየትም አልነበረብዎትም። ሐኪምና ነርስ፣ ረዳቶቻቸውም ጭምር፣ በሥራቸው ያወቁትን ምስጢር ቢያወጡ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ይጠየቃሉ፤ ተበዳዩ አቤቱታ ካቀረበ በእስራት ወይም በመቀጮ ያስቀጣል። እርስዎን የክሊኒክ መዝገብ እያዩ እንዲገለብጡ ማድረግ ነርሷንም ወደ ችግር መጎተት ነው።

ታዲያ ግምገማው እንዴት ይሠራ? መጀመሪያ ጥያቄው ይታወቅ። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ልጁ ከክፍል የሚቀርበት ሰዓት ቀነሰ ወይ፣ ከቪዲዮ ምርመራ በኋላ ወደ ክፍል ተመለሰ ወይስ ወደ ቤት ተላከ የሚለው ነው። ለዚህ ስም አያስፈልግም። አንድ ሰው ለየተማሪው ኮድ ይስጥ። ኮዱን ከስም ጋር የሚያገናኘው ወረቀት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጥ። ከእርስዎ የሚወጣው ኮድ፣ የክፍል ደረጃ፣ ጾታና የቀረበት ቀን ብዛት ይሁን። ውጤት የግድ ነው ካሉ በእርከን ይሰጥ፤ ከሮስተሩ ላይ 78.5 ብሎ መገልበጥ ምን ያደርጋል? የሕመሙን ዓይነት ክሊኒኩ ራሱ በጅምላ ይቁጠረው፦ ጉንፋን ይህን ያህል፣ የቆዳ ችግር ይህን ያህል፣ ሌላ ይህን ያህል። ኮድ መስጠት ሕጉን ሁሉ አያስቀርም፤ ኮዱን ከስም ጋር የሚያገናኘው ወረቀት እስካለ ድረስ መረጃው አሁንም የልጁ ነው። አደጋው ግን በጣም ይቀንሳል።

ይህ ለገምጋሚዎቹም ይበጃል። ስም የሚጠይቅ ቅጽ ሲመጣ ቀድሞ እምቢ የሚለው ሊደበቅ የሚፈለግ ሕመም ያለበት ልጅ ወላጅ ነው። እነዚያ ልጆች ከወጡ ግምገማው ጉንፋን የያዛቸውን ብቻ ገምግሞ «አገልግሎቱ ግሩም ነው» ይላል።

ለፕሮጀክቱ ብሮሸር የልጆቹ ፎቶ ይነሳ ከተባለም ለብቻው ፈቃድ ያስፈልገዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ ይከለክላል።

የላኩትን የ7ኛ ክፍል ፋይል በተመለከተ ዛሬውኑ ከቴሌግራሙ ከሁለቱም ወገን ያጥፉት። መተግበሪያው ይህን ያስችላል። ተቀባዩ አውርዶት ከሆነ ግን ኮፒው እሱ ጋ ይቀራል። ስለዚህ እንዲያጠፋና ማጥፋቱን እንዲያረጋግጥ በጽሑፍ ይጠይቁ። ወደ ሌላ ሰው ተላልፎ ከሆነ ርዕሰ መምህሩ ማወቅ አለባቸው። ለወላጆቹና ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑ የማሳወቅ ኃላፊነት በመጀመሪያ ደረጃ የተቋሙ ነው።

እርስዎ ይጠየቃሉ ወይ? መረጃው ለምንና እንዴት ይሰብሰብ ብሎ የወሰነው ትምህርት ቤቱና ፕሮጀክቱ ነው፤ ዋናው ኃላፊነትም የነሱ ነው። እስካሁን ሳያውቁ ያደረጉት ነገር ብዙ አያስጨንቅዎ። ከአሁን በኋላ ግን አውቀዋል። «ታዝዤ ነው» የሚለው መከላከያ አውቆ ለሠራ ሰው ደካማ ነው።

ሥራዎን በተመለከተ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በውሉና በሥራ ደንቡ መሠረት የሚሰጠውን ትእዛዝ እንዲፈጽም ያዛል። ከሕግ ውጭ የሆነ ትእዛዝ እዚህ ውስጥ አይገባም። ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ በማቅረቡ መባረሩንም አዋጁ እንደ በቂ ምክንያት አይቀበለውም። እውነቱን ለመናገር ሕጉ ከእርስዎ ጋር መሆኑ ከምክትሉ ፊት መጥቆር አያድንዎትም። ስለዚህ እምቢ አይበሉ፤ ይጠይቁ። በቃል አይደለም፣ በጽሑፍ። እንዲህ ብለው ይጀምሩ፦

«የተማሪዎችን መረጃ እንድልክ በታዘዝኩት መሠረት ሥራውን ለመፈጸም ዝግጁ ነኝ። ሆኖም ቅጹ የጤና መረጃን ከስም ጋር ስለሚጠይቅ፣ ከመላኬ በፊት ለዚሁ ዓላማ የተሰጠ የወላጆች የጽሑፍ ፈቃድ፣ ከፕሮጀክቱ ጋር የተደረገው ስምምነት እና የሥነ ምግባር ማጽደቂያው ኮፒ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። እስከዚያው ከስም ይልቅ በኮድ የተዘጋጀ፣ የሕመም ዓይነት የሌለበት መረጃ ማቅረብ እችላለሁ።»

ሁለት ኮፒ አድርገው በጸሐፊዋ በኩል ያስገቡት። የእርስዎ ኮፒ ላይ «ደርሷል» አስብለው ቀንና ፊርማ ያስደርጉበት፤ ማህተም ከተገኘ ደግሞ የተሻለ ነው።